ገንዘቡ ገብቷል፤ ብድሩስ? የባንክ ተደራሽነት ፖሊሲ ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ

በ2002 ዓ.ም. ማብቂያ በመላ ኢትዮጵያ የነበሩት የባንክ ቅርንጫፎች ከ700 አይበልጡም ነበር። ለአንድ ቅርንጫፍ በአማካይ ከ100 ሺህ በላይ ሕዝብ ይደርሰው ነበር ማለት ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ቁጥሩ 6,500ን አለፈ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከ11,000 በላይ ሆነ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ቴሌብርም በአራት ዓመት ውስጥ ከ54 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች መዝግቧል። እነዚህን አኃዞች ብቻ ያየ ሰው የፋይናንስ አካታችነት ጥያቄ ሊመለስ ጥቂት ቀርቶታል ቢል አይፈረድበትም። የፖሊሲውን ጉዞ በየዘመኑ ለተከታተለ ግን ሌላ መልክ ይታየዋል። ሕዝቡ ገንዘቡን ወደ ባንክ እንዲያስገባ የተደረገው ጥረት በየምዕራፉ ሲሰምር፣ ያው ገንዘብ በብድር ወደ ቆጣቢው እንዲመለስ የማድረጉ ሥራ ሁልጊዜ ኋላ ቀርቷል።

የዚህ መዛባት ሥር ሩቅ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክም ሆነ እርሱን የተኩት ባንኮች በዋናነት ያገለገሉት የመንግሥትን ግምጃ ቤትና የወጪና ገቢ ንግዱን ነበር። በ1956 ዓ.ም. የመንግሥት ባንክ ለሁለት ተከፍሎ ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ ሲቋቋሙም ገበሬው ከባንክ ደጅ እንደራቀ ነበር። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ደርግ ባንኮችን ሲወርስ ብድር የዕቅድ መሣሪያ ሆነ። የመንግሥት ድርጅቶችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት በአነስተኛ ወለድ ሲበደሩ፣ የግሉ ዘርፍ ከፍ ያለ ወለድ እየከፈለ በጠባብ በር እንዲያልፍ ተደረገ። የቀረው ሕዝብ ገንዘብ ሲያስፈልገው ወደ ዕቁቡ፣ ወደ ዘመዱ ወይም ወደ አራጣ አበዳሪው ይሄድ ነበር።

የመጀመሪያው ትልቅ መታጠፊያ 1986 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 84 የባንክ ሥራን ለኢትዮጵያውያን ባለሀብቶች ክፍት አደረገ፤ አዋሽ ባንክም በ1987 ዓ.ም. ከደርግ በኋላ የመጀመሪያው የግል ባንክ ሆኖ ሥራ ጀመረ። ዳሸን፣ አቢሲኒያ፣ ወጋገንና ሌሎችም በተከታታይ መጡ። ሆኖም አዲሶቹ ባንኮች ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ከተማ ነጋዴ ነበር፤ ምክንያቱም የሚጠይቁት መያዣ ቤትና ሕንፃ ነው፣ መሬት ደግሞ በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ገበሬው ሸጦ ሊለውጠው አይችልም። ይህን ክፍተት ለመሙላት በ1988 ዓ.ም. የአነስተኛ ፋይናንስ ተቋማት አዋጅ ቁጥር 40 ወጣ። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ደደቢት፣ የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ፣ ኦሞና መሰሎቻቸው ጎረቤት ለጎረቤት ዋስ በሚሆንበት የቡድን ብድር ባንክ ያልደረሰበት ቀበሌ ገቡ። ከ1986 እስከ 2002 ዓ.ም. በነበረው ዘመን ለድሃው ገጠር ብድርን ዋና ሥራው አድርጎ የያዘው ይኸው ዘርፍ ነበር። የብድሩ መጠን ግን ትንሽ ነበር፤ ተቋማቱም ከክልል መንግሥታት ጋር በቅርብ የተሳሰሩ በመሆናቸው የአካባቢ አስተዳደር ጫና አልተለያቸውም።

ሁለተኛው መታጠፊያ የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የተጀመረበት 2003 ዓ.ም. ነው። የሕዳሴ ግድቡ፣ የባቡር መንገዱና የስኳር ፋብሪካዎቹ ሰፊ የአገር ውስጥ ገንዘብ ስለሚጠይቁ ቁጠባ የመንግሥት ቀዳሚ አጀንዳ ሆነ። ንግድ ባንክ ቅርንጫፎቹን በፍጥነት አበዛ፤ የግድቡ ቦንድ ለሠራተኛውና ለዲያስፖራው ቀረበ፤ በ2005 ዓ.ም. የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ሲካሄድ ደግሞ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች በየወሩ ለመቆጠብ ሂሳብ ከፈቱ። ያ ምዝገባ አንድ ትምህርት ጥሎ አልፏል፤ ሰው የሚጨበጥ ጥቅም ካየ፣ ገቢው ዝቅተኛ ቢሆን እንኳ፣ ዓመታት ሳይታክት ይቆጥባል።

በዚያው ወቅት ብሔራዊ ባንክ የግል ባንኮች ከሚሰጡት አዲስ ብድር የ27 በመቶውን ያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ አዘዘ። ሰነዱ የሚከፍለው ወለድ ባንኮች ለቆጣቢ ከሚከፍሉት ያነሰ ነበር፤ ገንዘቡም የሚመለሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ነበር። መመሪያው ባንኮችን በሁለት መንገድ ለወጣቸው። ያንን ግዴታ እየተወጡ ለማበደር ብዙ ተቀማጭ ስለሚያስፈልጋቸው ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ላይ ከፈቱ፤ ገንዘባቸው ለረጅም ጊዜ ስለሚታሰር ደግሞ ቶሎ ለሚመለስ የንግድ ብድር አደሉ። ስለዚህ የቅርንጫፍ ቁጥር በፍጥነት ያደገበት ዘመን የአነስተኛው አምራች ብድር ያደገበት ዘመን አልሆነም። መመሪያው እስከተነሣበት እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ የቆጣቢው ገንዘብ አንዱ ክፍል በልማት ባንክ በኩል ለትላልቅ ፕሮጀክቶች ይሄድ ነበር።

አካታችነት በራሱ ስም የፖሊሲ ግብ የሆነው በ2009 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው ብሔራዊ የፋይናንስ አካታችነት ስትራቴጂ ሲወጣ ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም ባንክ ጥናት ያገኘው ውጤት ነበር፤ ከአዋቂው ሕዝብ ሂሳብ የነበረው 22 በመቶ ብቻ ነበር። ስትራቴጂው ይህን እስከ 2020 ወደ 60 በመቶ ለማድረስ አለመ። በተከታዩ ዙር፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ቁጥሩ 35 በመቶ፣ በ2022 ደግሞ 46 በመቶ ሆነ። በስምንት ዓመት ከእጥፍ በላይ ማደጉ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ግቡ ግን ከቀነ ገደቡ ሁለት ዓመት አልፎም አልተመታም። ሁለተኛው ስትራቴጂ የ2025ን ግብ ወደ 70 በመቶ ከፍ አደረገው።

ከአጠቃላዩ አማካይ ይልቅ የሚያሳስበው በወንድና በሴት መካከል ያለው ርቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሂሳብ የነበራቸው ወንዶች 41 በመቶ፣ ሴቶች 29 በመቶ ነበሩ። በ2022 ወንዶቹ 55 በመቶ ሲደርሱ ሴቶቹ 39 በመቶ ላይ ነበሩ። ልዩነቱ ከ12 ወደ 16 ነጥብ ሰፋ። የሴቶች ባለሂሳብነት እያደገ ልዩነቱም እየሰፋ መሄዱ አንድ ነገር ይነግረናል፤ አዲሱ ዕድል ቀድሞ የሚደርሰው ደመወዝ፣ መታወቂያና የእጅ ስልክ ላለው ነው፣ በእነዚህ ሁሉ ደግሞ ሴቶች ይበልጥ ወደ ኋላ ቀርተዋል።

ሦስተኛው መታጠፊያ ዲጂታል ነው። የወኪልና የሞባይል ባንክ መመሪያ በ2005 ዓ.ም. ቢወጣም ፈቃዱን ለባንኮችና ለአነስተኛ ፋይናንስ ተቋማት ብቻ ስለሰጠ ለዓመታት በዝግታ ተጓዘ። ኤም ብር፣ ሄሎ ካሽና ሲቢኢ ብር መንገዱን ቢጠርጉም የሞባይል ገንዘብ የብዙኃኑ መገልገያ አልሆነም። በ2012 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ባንክ ላልሆኑ ተቋማት በሩን ሲከፍት ፍጥነቱ ተቀየረ። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ሲቀየሩ በየቤቱ ተቀምጦ የነበረ ገንዘብ ወደ ባንክ ጎረፈ። በዚያው ዓመት ቴሌብር፣ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ ኤምፔሳ መጡ፤ በ2015 ዓ.ም. ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ መደረጉም አጠቃቀሙን አሰፋው። ከወለድ ነፃ ባንኮች በራሳቸው እንዲቋቋሙ መፈቀዱና ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ መጀመሩ ደግሞ በሃይማኖታዊ ምክንያት ከባንክ ለራቀው ሰፊ ሙስሊም ማኅበረሰብ የዘገየ ግን ተገቢ ምላሽ ነበር።

እነዚህን ዝላዮች ጎን ለጎን ስናያቸው አብዛኞቹ ሂሳብ መያዝን የግድ ወይም የግድ ያህል ካደረጉ ውሳኔዎች ጋር የተያያዙ ናቸው፤ የቤት ምዝገባው፣ የኖት ቅያሪው፣ የነዳጅ ክፍያው። እንዲህ የተከፈተ ሂሳብ ባለቤቱ እንዲገለገልበት የሚያደርገው የሚያገኘው ጥቅም ነው፤ በዚህ ረገድ ቆጣቢው ብዙ ጊዜ ተጎድቷል። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ በ2010 ዓ.ም. ወደ 7 በመቶ ከፍ ሲል፣ የዋጋ ንረቱ በ2014 ዓ.ም. 30 በመቶን አለፈ። ገንዘቡን ባንክ ያስቀመጠ ሰው በየዓመቱ ከመግዛት አቅሙ ይከስር ነበር። በጦርነት ምክንያት በትግራይ የባንክ አገልግሎት ለረጅም ወራት መቋረጡ፣ በአማራ ክልልም የሞባይል ኢንተርኔት በተዘጋበት ጊዜ በስልክ ያለ ገንዘብ በተፈለገበት ሰዓት አለመገኘቱ ለመገንባት ዓመታት የፈጀውን እምነት ጎድቷል።

በብድር በኩል ግን ተስፋ የሚሰጡ ጅምሮች አሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ከብት፣ ሰብልና ማሽን በመያዣነት እንዲመዘገቡ ፈቀደ፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ ገበሬው የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር ሕጋዊ መሠረት ሰጠ። ቴሌብር መላና የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ ሚቹ ያለ ንብረት መያዣ ለጉልት ነጋዴና ለአነስተኛ ሱቅ ያበድራሉ። መጠኑ ትንሽ፣ ጊዜውም አጭር ቢሆንም የተበዳሪው የክፍያ ታሪክ ራሱ መያዣ ሊሆን እንደሚችል አሳይተዋል። በአንጻሩ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የዋጋ ንረትን ለመግታት የተጣለው የ14 በመቶ የብድር ዕድገት ጣሪያ፣ ዓላማው ትክክል ቢሆንም፣ ባንኮች ለነባርና ለትልቅ ደንበኛ ቅድሚያ እንዲሰጡ የሚገፋ ነበር። ቀድሞ አነስተኛ ፋይናንስ ተቋማት የነበሩት ጸደይ፣ ስንቄ፣ ኦሞና ሲዳማ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ባንክነት ማደጋቸውም ሁለት ገጽታ አለው፤ አቅማቸው ይሰፋል፣ ነገር ግን እንደ ሌሎቹ ባንኮች ወደ ከተማ ካዘነበሉ ገጠሩ የነበረውን አበዳሪ ያጣል።

አሁን አራተኛው መታጠፊያ ላይ ነን። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የባንክ ሥራ አዋጅ የአገር ውስጥ ገበያውን ለውጭ ባንኮች ከፍቷል፤ የብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያው የፋይዳ ቁጥርም አዲስ ሂሳብ ለመክፈት ከአዲስ አበባ ጀምሮ ግዴታ እየሆነ መጥቷል። ሁለቱም መልካም ሊሠሩ ይችላሉ። የውጭ ባንክ ትርፋማውን የከተማ ደንበኛ መርጦ እንዳይቀር፣ ፋይዳ ያላገኘች የገጠር ሴትም ከነበራት ዕድል እንዳትርቅ የሚከላከለው ግን የቁጥጥሩ ጥራት ነው።

ስለዚህ ቀጣዩ ስትራቴጂ መለኪያውን መቀየር አለበት። ስንት ሂሳብ ተከፈተ ከሚለው ጋር፣ ስንት ሰው ተበደረ፣ ከእነዚህ ስንቱ ሴት፣ ስንቱ ገበሬ፣ በየትኛው ወረዳ የሚሉትን ብሔራዊ ባንክ በየዓመቱ ለሕዝብ ይፋ ሊያደርግ ይገባል። ባንኮችና የሞባይል ገንዘብ ድርጅቶች ከገጠር የሰበሰቡትን ተቀማጭ ለገጠር ካበደሩት ጋር አነጻጽረው እንዲያቀርቡ ቢገደዱ ጉድለቱ በአኃዝ ይታያል፤ በአኃዝ የታየ ጉድለት ደግሞ ተጠያቂ ይኖረዋል። በሠላሳ ዓመት ጉዞ የመንግሥት ፖሊሲ ሕዝቡን ማስቆጠብ እንደሚችል አስመስክሯል። ያ ቆጣቢ ሕዝብ በራሱ ገንዘብ ተበድሮ መሥራት ሲችል ነው አካታችነት ስሙን የሚያገኘው።