የቁይ ዘር፣ የሞንትሪያል ቃል

ሰኔ ሲገባ በምሥራቅ ጎጃሙ ደባይ ጥላትግን ወረዳ የአርሶ አደር ቤት ውስጥ የሚነሳው ክርክር ያው ነው፤ ዘንድሮ የትኛው ማሳ ላይ ምን ይዘራ? አባወራው የማዳበሪያውን ዋጋ ያሰላል። እማወራዋ እስከ መስከረም የሚያደርሰውን ቀለብ ታሰላለች። ወደ ወረዳው ከተማ ወደ ቁይ ወርዶ የሚገዛ ምርጥ ዘር አለ፤ ጎታው ውስጥ ደግሞ ካምናው አዝመራ ተመርጦ የተቀመጠ የአገር ዘር አለ። መሬቱ ጠባብ ስለሆነ አንዱ ሲዘራ ሌላው ይቀራል። የቀረው ዘር ለዓመታት ሳይዘራ ካለፈ የመብቀል ኃይሉ ይደክማል፤ ጎረቤትም እንዲሁ ካደረገ ከአካባቢው ይጠፋል።

ይህ የአንድ ቤት ጉዳይ ይመስላል። ግን ሁለት ታላላቅ የዓለም ዕቅዶች የሚገናኙት እዚሁ ጎታ አጠገብ ነው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 በካናዳዋ ሞንትሪያል የጸደቀው የኩንሚንግ-ሞንትሪያል የብዝኃ ሕይወት ማዕቀፍ ነው፤ 23 ግቦች አሉት። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2015 የተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮች የተስማሙባቸው 17 የዘላቂ ልማት ግቦች ናቸው። ሁለቱም ቀነ ገደባቸውን እ.ኤ.አ. 2030 ላይ ቆርጠዋል። ኢትዮጵያም በሁለቱም ገብታለች፤ ማዕቀፉ የወጣበትን የብዝኃ ሕይወት ስምምነትማ ያጸደቀችው ገና እ.ኤ.አ. በ1994 ነው።

ሁለቱ ዕቅዶች በወረቀት ላይ ተያይዘዋል። ረሃብን ስለማጥፋት የሚናገረው ሁለተኛው የልማት ግብ የዘርና የእንስሳት ዝርያዎች ስብጥር እስከ 2020 ተጠብቆ እንዲቆይ ያዝዛል። ያ ቀን አለፈ። ከሞንትሪያሉ በፊት የነበሩት 20 የአይቺ የብዝኃ ሕይወት ግቦችም በዚያው ዓመት ጊዜያቸው ሲያበቃ በዓለም ደረጃ አንዳቸውም ሙሉ በሙሉ አልተሳኩም። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ እኔ የማምንበት ዋናው ግን ብዝኃ ሕይወት የአንድ መሥሪያ ቤት፣ ምርት የሌላው፣ ድህነት ቅነሳ የሦስተኛው ሥራ ተደርጎ መቆየቱ ነው። ገበሬው ጋ ሲደርስ ግን ሦስቱም አንድ ማሳ ላይ ናቸው።

ከሞንትሪያሉ ስምምነት በብዛት የሚወራለት የዓለምን የብስና የባሕር 30 በመቶ የመጠበቅ ግብ ነው። ለምሥራቅ ጎጃም ደጋ ይህ ግብ ብቻውን ብዙም አይጠቅምም። ከደብረ ማርቆስ እስከ ቢቸና ያለው አገር ታርሷል፤ ያልታረሰው ተግጧል። አጥረን የምናስቀምጠው ሰፊ ዱር የለም። እዚህ ብዝኃ ሕይወት የሚኖረው በሦስት ቦታ ነው፤ በጮቄ ተራራ አናት፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በገበሬው ጎታ። ስለዚህ ለቁይ የሚበጀው ስለ ዘር ስብጥር የሚናገረው አራተኛው ግብና ስለ እርሻ የሚናገረው አሥረኛው ነው። እነዚህ ደግሞ ሲነገርላቸው እምብዛም አይሰማም።

ከዘሩ እንጀምር። ማኛ፣ ሰርገኛና ቀይ ጤፍ አንድ እህል አይደሉም። ለገበያ የሚሆነው፣ ዝናብ ቢያጥርም የሚደርሰው፣ ውኃ የሚቋጥረው ጥቁር አፈር ላይ የሚጸናው ለየቅል ነው። ገብሱም ቢሆን ሰነፍ ቆሎን የመሰለ በቀላሉ የሚፈተግ አለው፤ ቀድሞ የሚደርሰው ዓይነት ደግሞ ጎተራ ሲራቆት ቤተሰቡን ይታደጋል። ይህን ለይቶ የሚያውቀው ገበሬው ነው። ነዶው ከመወቃቱ በፊት ዛላው የሞላውን መርጦ ለብቻው የሚያስቀምጥ፣ ዘር የከሰረበት ጎረቤት ሲመጣ ቁና ሰፍሮ የሚያበድር እሱ ነው። በሺህ ዓመታት የተሠራ የምርምር ሥራ ብንለው ማጋነን አይሆንም።

ምርጥ ዘርን ማውገዝ አልፈልግም። ቁንጮ የተባለው ጤፍ እ.ኤ.አ. በ2006 ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ሲወጣ የብዙ ሰው ጓዳ ሞልቷል፤ ነጭነቱን ገበያው ወደደው፣ ምርቱ ላቅ አለ። ይሁንና ቁንጮ ራሱ ከሁለት የኢትዮጵያ ጤፎች ተዳቅሎ የተወለደ ነው። ወላጆቹ ቀድመው ጠፍተው ቢሆን ኖሮ እሱም አይኖርም ነበር። ነገ ሌላ በሽታ ቢመጣ የሚቀጥለውን ቁንጮ ከምን እናዳቅለዋለን?

በሽታው ደግሞ መጥቶ አይተነዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ የኢትዮጵያን የስንዴ ማሳ ሲያጠቃ በአገሪቱ በሰፊው ይዘራ የነበረው ኩብሳ የተባለው ዝርያ ነበር። ብዙው ገበሬ አንድ ዘር ስለዘራ ብዙው አንድ ላይ ተመታ። ድህነት ለመቀነስ የተሠራ ሥራ ለአንድ የፈንገስ ዓይነት ተጋላጭ ሆነ ማለት ነው። ስብጥር ለገበሬ መድን ነው የምለው ከዚህ ተነስቼ ነው።

አገራችን ይህን ቀድማ ከተረዱት ወገን ናት። የዕፅዋት ዘረመል ማዕከል በአዲስ አበባ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የምንለው እሱ ነው። ማዕከሉን ለዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ የ1977 ዓ.ም. ድርቅ ገበሬውን ዘሩን ሳይቀር ሲያስበላው፣ ዘር በቀዝቃዛ ክፍል ብቻ ተቀምጦ እንደማይድን ተገነዘቡ። የአገር ዘሮችን መልሰው በገበሬው ማሳ ላይ እንዲባዙ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ያኔ ዓለም የብዝኃ ሕይወት ስምምነቱን ገና በሪዮ አልፈረመም ነበር።

የእሳቸው መንገድ በኋላም ፍሬ አፍርቷል። በክልላችን መቄት ውስጥ ገረገራ፣ በትግራይ ደግሞ ሐገረ ሰላም፣ ተመራማሪዎች ከኢንስቲትዩቱ ጂን ባንክ 400 ገደማ የዱረም ስንዴ ዓይነቶችን አውጥተው ማሳ ላይ ዘሩና ገበሬዎች በገዛ መስፈርታቸው እንዲመርጡ ጋበዟቸው። ሴቶችና ወንዶች ዛላ እየቆጠሩ፣ አገዳ እየነኩ ፍርዳቸውን ሰጡ። ከዚያ ከተመረጡት ሁለቱ፣ ወሃቢትና ርግአት፣ በይፋ የተለቀቁ ዝርያዎች ሆኑ። የጥበቃ ሥራና የልማት ሥራ በአንድ ማሳ ላይ ሲሠራ የሚመስለው ይህን ነው። ለደባይ ጥላትግን ጤፍና ገብስ ይህ የማይደረግበት ምክንያት አይታየኝም።

ጥቅሙ ወደ ማን ይሄዳል የሚለው ጥያቄ ይከተላል። የኢትዮጵያ ገብስ ለአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ የገብስ ማሳዎች ቢጫ ድንክ የሚባለውን የቫይረስ በሽታ የሚቋቋም ዘረመል ሰጥቷል፤ በዚያን ዘመን ስለ ጥቅም መጋራት የሚደነግግ ዓለም አቀፍ ስምምነት አልነበረም። በጤፍ ጉዳይ ግን ስምምነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የሆላንድ ኩባንያ ከኢትዮጵያ ተቋማት ጋር ተፈራርሞ የጤፍ ዘር ወሰደ፤ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብትም አስመዘገበ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2009 ኪሳራ አወጀ። ኢትዮጵያ ይህ ነው የሚባል ጥቅም አላገኘችም። የሆላንዱን ፓተንት እ.ኤ.አ. በ2018 የሔግ ፍርድ ቤት ውድቅ ያደረገው በሆላንድ ድርጅቶች መካከል በተነሳ ክርክር ነው፤ ኢትዮጵያ ተከራካሪ እንኳ አልነበረችም። በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት መንግሥት ከዘረመል ሀብት ከሚያገኘው ገንዘብ የአካባቢው ማኅበረሰብ 50 በመቶ ድርሻ አለው። አዋጁ መልካም ነው። ገንዘቡ ቁይ የሚደርስበት መንገድ ግን መሠራት ይቀረዋል።

ዘሩ አፈር ይፈልጋል። የምሥራቅ ጎጃም ደጋ አፈር በአሲዳማነት ተጎድቷል፤ ማዳበሪያ ቢጨመርም ሰብሉ የማይጠቀምበት ማሳ አለ። መፍትሔ የሚባለው ኖራ ነው፤ ኖራውም ከባድ ነው፣ ማጓጓዣው ውድ ነው። ፍግ ማሳ ላይ ቢውል አፈሩን ያክመው ነበር፤ ግን ፍጉ ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ይነዳል፤ ምክንያቱም እንጨት የለም። እንጨት የሌለው የአገር ዛፍ ስላለቀ ነው። የአገር ዛፉን የተካው ባሕር ዛፍ ደግሞ ለሽያጭ ይቆረጣል። ባሕር ዛፍ የተከለን ገበሬ መውቀስ ልክ አይደለም፤ የልጁን ደብተርና የቤቱን ቆርቆሮ የገዛለት እሱ ነው። ግብርና ለብቻው፣ ኃይል ለብቻው፣ ደን ለብቻው ሲታቀድ የሚመጣው ውጤት ግን እዚህ ጋ በግልጽ ይታያል፤ አንድ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ለአፈሩ ከብዙ ኩንታል ማዳበሪያ የበለጠ ሊያተርፍ ይችላል።

ከአገር ዛፎች ወይራ፣ ጥድና ዝግባ ዛሬ በብዛት ተጠግተው የሚገኙት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። «እመጓ»ን በመጻፉ ብዙ አንባቢ የሚያውቀው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያው የደን ተመራማሪ ነው፤ በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናት ባጠናው ጥናት 168 የእንጨት ዕፅዋት ዓይነቶችን መዝግቧል። ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆኖ ያስጀመረው ሥራ ለማንም የሚገባ ነው፤ ምእመናን ከማሳቸው ድንጋይ ለቅመው በደኑ ዙሪያ ካብ ይክባሉ። ከብት አይገባም፣ ችግኙ ያድጋል። ማሳውም ከድንጋይ ነጻ ይሆናል።

ከሁሉም በላይ ጮቄ አለ፤ አናቱ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ሙጋ፣ ሱሃና ጨሞጋን ጨምሮ ወደ ዓባይ የሚወርዱ ብዙ ወንዞች ከዚያ ይነሳሉ። ጅባራው፣ አስታውና ጓሳው ዝናቡን ይዘው ቀስ ብለው የሚለቁ ናቸው። እርሻው ሽቅብ በወጣ ቁጥር ይህ ሽፋን ይሳሳል፤ አፈሩም ከጎርፉ ጋር ይወርዳል። ፕሮፌሰር በላይ ስማኔና ባልደረቦቹ የጮቄን ተፋሰስ በስድስት የእርሻ ሥነ ምኅዳር ከፍለው፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት የልማት ፓኬጅ እንደማይሠራ አሳይተዋል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ የሚሞላው ከእነዚህ ተዳፋቶች በሚወርድ ውኃ ጭምር ነው፤ አፈሩም አብሮ ይወርዳል። ከጮቄ ሥር ያለው ገበሬ እርከን ሲሠራ ለመብራት ኃይልም እየሠራ ነው። ለዚያ ድካሙ የሚከፍለው ግን የለም። ከግድቡ ገቢ ጥቂቱ ወደ ተፋሰሱ አናት ቢመለስ ፍትሐዊ ነው።

በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ያለው ግጭት ይህን ሁሉ አክብዶታል፤ ባለሙያ እንደ ልቡ አይንቀሳቀስም፣ ዘርም ሆነ ማዳበሪያ በጊዜው መድረሱ ያጠራጥራል። ይህ ራሱ የአገር ዘር በየጎታው መኖሩን ይበልጥ አስፈላጊ ያደርገዋል።

እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ያለው ጊዜ ጥቂት ክረምት ነው። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ኩንታል በሄክታር ብለው ከሚሞሉት ቅጽ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፤ ዘንድሮ በቀበሌው ስንት ዓይነት የአገር ጤፍ፣ ስንት ዓይነት ገብስ ተዘራ? የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትና ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በምሥራቅ ሸዋ እጀሬ እንደተደረገው ሁሉ በቁይ የማኅበረሰብ ዘር ባንክ ለማቋቋም ከገበሬው ጋር ይቀመጡ። ቤታችሁ የአያት ዘር ያላችሁም፣ ከማሳችሁ ጥግ አንዲት መደብ ለይታችሁ በያመቱ ዝሩት።