«ልጅቷ ድናለች» ከማለታችን በፊት
መበለቲቱ እናትና በካንሰር የታመመች ልጇ

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ በብዙ አጥቢያዎች ውስጥ አለ፤ በመድረክ ላይ ግን እምብዛም አይነሣም። ባሏን በሞት ያጣች እናት በካንሰር የታመመች ልጇን ብቻዋን ስታስታምም ቤተ ክርስቲያን ምን ልታደርግላት ይገባል? ምን ከማድረግስ ልትጠነቀቅ ይገባል?

ነገሩ ግልጽ እንዲሆንልን አንዲት እናት በዓይነ ሕሊናችን እንሳል። ቤቷ ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ነው። ባሏ ከሞተ በኋላ ጥጥ ፈትላ ለሸማኔዎች በማስረከብና በሰው ቤት እንጀራ በመጋገር ትተዳደራለች። የስምንት ዓመት ልጇን ትኩሳት ደጋግሞ ይይዛታል፤ ፊቷ ይገረጣል፤ እግሯን ያማታል፤ ሳትወድቅና ሳትመታ ሰውነቷ ይበልዛል። በመጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ቀጥሎም ሆስፒታል ወሰደቻት። ደሟና መቅኔዋ ከተመረመረ በኋላ «የደም ካንሰር ነው» ተባለች። ይህች እናት በምናባችን የሣልናት ናት፤ እንደ እርሷ ያሉ እናቶች ግን በመካከላችን አሉ።

በሽታው ምንድን ነው?

ደማችን የሚሠራው በአጥንታችን ውስጥ ባለው መቅኔ ነው። በደም ካንሰር ጊዜ ያልበሰሉና የተበላሹ ነጭ የደም ሴሎች ያለ ልክ እየተባዙ መቅኔውን ይሞሉታል። ጤነኛው ደም የሚሠራበት ቦታ ያጣል። ቀይ ደም ሲያንስ ልጅቷ ትገረጣለች፣ ትደክማለች። ደም የሚያረጉት ሴሎች ሲያንሱ ትበልዛለች፣ ትደማለች። ጤነኛው ነጭ ደም ሲያንስ ደግሞ ትኩሳትና ኢንፌክሽን ይበረታባታል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ ወደ 400,000 የሚጠጉ ከ20 ዓመት በታች ያሉ ልጆችና ወጣቶች በካንሰር ይያዛሉ። በበለጸጉ አገሮች ከ100 ታማሚዎች ከ80 በላይ የሚሆኑት ይድናሉ። እንደ እኛ ባሉ በብዙ አገሮች ግን የሚድኑት ከ30 ያንሳሉ። ድርጅቱ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ባስጀመረው ዓለም አቀፍ ጥረት፣ እስከ 2030 ድረስ ቢያንስ ከ100 ልጆች 60ዎቹ በሕይወት እንዲተርፉ ግብ አስቀምጧል።

ልዩነቱ ለምን ሰፋ? ዘግይቶ መታወቁ፣ የሐኪምና የመድኃኒት እጥረቱ ምክንያቶች ናቸው። ሌላው ትልቅ ምክንያት ግን የተጀመረ ሕክምናን ማቋረጥ ነው። እኛን አማኞችን በቀጥታ የሚነካን ይኸኛው ነው።

«የማን ኃጢአት ነው?»

ብዙ እናቶች በመጀመሪያ የሚጠይቁት ይህን ነው። በሰራፕታ የነበረችው መበለትም ልጇ በሞተ ጊዜ ኤልያስን የጠየቀችው ኃጢአቴን ልታሳስበኝ መጣህ ወይ ብላ ነበር (1ነገ. 17፥18)። ነቢዩ በደሏን ሲቆጥር አናየውም፤ ልጁን ከእቅፏ ተቀብሎ ወደ እግዚአብሔር ጮኸ እንጂ። ጌታችንም ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ በጠየቁት ጊዜ፣ የሰውየውም የወላጆቹም ኃጢአት ምክንያቱ እንዳልሆነ ነግሯቸዋል (ዮሐ. 9፥1-3)።

ሕክምናውም የሚለው ከዚህ አይርቅም። አብዛኛው የልጆች ካንሰር እናት አድርጋው ወይም ሳታደርገው በቀረችው ነገር የመጣ አይደለም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ስለዚህ የጎረቤት ልጆች አብረዋት ቢጫወቱ ካንሰሩ አይይዛቸውም። በሐዘን ላይ ላለች መበለት «ከዘር የወረደ እርግማን ነው» ማለት የተሰበረውን ልብ ዳግመኛ መስበር ነው።

አታላዩ ወር

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው የደም ካንሰር ዓይነት ሕክምናው ሲጀመር አንድ ወር ገደማ ጠንከር ያሉ መድኃኒቶች ይሰጡበታል። ሕክምናው ከሠራ በዚህ ወር መጨረሻ ትኩሳቱ ይጠፋል፤ ልጅቷ ትበላለች፣ ትስቃለች። በደም ምርመራውም ካንሰሩ ላይታይ ይችላል።

ታዲያ በዚህ ጊዜ ምን ይሆናል? «ድናለች!» እንላለን። ምስክርነት ይሰጣል፤ እልል ይባላል። ጌታን ማመስገናችን ተገቢ ነው። ነገር ግን በምርመራ የማይታዩ፣ ቁጥራቸው በቢሊዮን ሊደርስ የሚችል የካንሰር ሴሎች በሰውነቷ ውስጥ ተደብቀው ሊቀሩ ይችላሉ። ስለዚህ ነው ሕክምናው በጠቅላላው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት የሚወስደው። የመጨረሻው ረጅም ክፍል በአብዛኛው ቤት ውስጥ በሚወሰድ እንክብልና በቀጠሮ ክትትል የሚያልፍ ነው። በዚህ መካከል የሚቆም ከሆነ በሽታው ብዙውን ጊዜ ይመለሳል፤ ሲመለስም ከፊተኛው ይልቅ ለማዳን ይከብዳል።

እናቲቱ ለማቋረጥ የሚገፏት ብዙ ነገሮች አሉ። ልጅቷ ደኅና ትመስላለች። መድኃኒቱ ግን ጠጉሯን ያረግፋል፣ አፏን ያቆስላል፣ ያስመልሳታል። የታክሲ ገንዘብ አልቋል። በዚህ ላይ አንድ የሚያከብሩት አገልጋይ «ጌታ ፈውሷታል፤ መድኃኒቱን ተዪው» ቢላት ምን ታደርጋለች? እምነት የጎደላት እንዳትመስል ትተወዋለች።

ወገኖቼ፣ የእግዚአብሔር ቃል በዚህ ነገር ምን ያስተምረናል? ንጉሥ ሕዝቅያስ ታምሞ ሳለ እግዚአብሔር እንደሚፈውሰውና 15 ዓመት እንደሚጨምርለት ተነገረው። ይህን ያበሰረው ያው ኢሳይያስ ግን የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው በእባጩ ላይ እንዲያደርጉ አዘዘ (2ነገ. 20፥5-7)። የፈውሱ ተስፋ መድኃኒቱን አላስጣለውም። ጌታ ኢየሱስም ለምጻሞቹን ወደ ካህናት ሄደው እንዲታዩ ላካቸው (ሉቃ. 17፥14)። በዚያ ዘመን መንጻታቸውን መርምሮ የሚያረጋግጠው ካህኑ ነበርና። ዛሬም እግዚአብሔር ልጅቷን በተአምር ቢፈውሳት ምርመራውን የሚፈራ ፈውስ አይሆንም። መድኃኒቱ ይቁም ወይም አይቁም የሚለውን ሐኪሟ ይወስን።

መድኃኒቱም ቢሆን የእግዚአብሔር ፍጥረት ነው። ለደም ካንሰር ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ቪንክሪስቲን ይባላል፤ የተገኘውም የትውልድ አገሩ ማዳጋስካር ከሆነ የአበባ ተክል ነው። በሕዝቅያስ ጊዜ በበለስ የሠራ አምላክ ዛሬ በአበባ ቢሠራ ለምን ይገርመናል? የጉለሌ ሰፈር ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊው ሚሲዮናዊ ዶክተር ቶማስ ላምቢ ሆስፒታል የከፈተው በዚያ ነበር። ያ ሰው ወንጌልንና ሕክምናን አንድ ላይ ይዞ ነበር የመጣው።

ከሐዘን የተወለደ አገልግሎት

በአገራችን ይህን መንገድ የሄዱ ወላጆች አሉ። አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው ወይዘሮ አምሳለ በየነ ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ያጡት በ2003 (እ.ኤ.አ.) ነበር፤ ዕድሜው 4 ዓመት ነበር። በማግሥቱ ዓመት በ2004 በስሙ የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን መሠረቱ። ተስፋ አዲስ የተባለውን ድርጅትም ያቋቋሙት ልጆቻቸው በካንሰር የታመሙባቸው ወላጆች ናቸው። ለሕክምና የሚመጡ ልጆችንና አስታማሚዎቻቸውን በማረፊያና በምግብ ይረዳል። እነዚህ ወላጆች የተረዱት አንድ ነገር አለ፤ መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም፣ ቤተሰቡ መንገዱን እስኪጨርስ የሚደግፈው ያስፈልገዋል።

ቤተ ክርስቲያን ምን ታድርግ?

1. የቀጠሮ ቀን ይታወቅ። ከሽሮ ሜዳ እስከ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኪሎ ሜትር ሲለካ ሩቅ አይደለም። ነገር ግን የቀጠሮው ቀን የፈትሉም የእንጀራውም ገቢ የሚቀርበት ቀን ነው። አንዲት እኅት ቀጠሮዎቹን ጽፋ ትያዝ፤ የትራንስፖርቱንና የቀረውን የዕለት ገቢ ዲያቆናት ይሸፍኑ። አንድ ጊዜ ከሚሰጥ ትልቅ ስጦታ ይልቅ ለሁለትና ለሦስት ዓመት የማይቋረጥ ትንሽ ድጋፍ ይሻላል።

2. ደም እንስጥ። ልጅቷ ደምና ደም የሚያረጉ ሴሎች ያስፈልጓታል። እነዚህ ሴሎች ከተለገሱ በኋላ የሚቆዩት አምስት ቀን ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የወጣቶች ኅብረት በዓመት አንድ ቀን ብቻ ሳይሆን በየተራ ወደ ደም ባንክ ይሂድ።

3. ጥየቃችን በጥንቃቄ ይሁን። በባህላችን የታመመን ሰው ተሰብስቦ መጠየቅ ፍቅር ነው። ነጭ ደሟ ላነሰ ልጅ ግን ሳል የያዘው አንድ እንግዳ አደጋ ነው። ሁለት ሆነን፣ እጃችንን ታጥበን፣ ሳንስማት፣ አጭር ጸሎት ጸልየን እንመለስ። ሐኪሟ ሳይፈቅድ ወደ ኮንፈረንስና ወደ አዳር ጸሎት አንውሰዳት፤ ጾምም አይጫንባት። ጌታ የኢያኢሮስን ልጅ ካስነሣ በኋላ የምትበላውን እንዲሰጧት ነበር ያዘዘው (ሉቃ. 8፥55)።

4. ትኩሳት ሲነሣ ፈጥነን እንድረስ። በሕክምና ላይ ያለች ልጅ ሌሊትም ቢሆን ትኩሳት ከያዛት እስኪነጋ አይጠበቅም፤ ወዲያው ሆስፒታል መድረስ አለባት። በአጥቢያው መኪና ያለው አንድ ወንድም ስልኩን ለእናቲቱ ይስጣት።

5. ከቀበሌና ከወረዳ ጉዳይዋ አብረናት እንሂድ። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አለ፤ መዋጮውን መክፈል ለማይችሉም በወረዳቸው በኩል የሚሸፈንበት አሠራር አለ። ብቻዋን ከቢሮ ቢሮ ከምትንከራተት አንድ ጉዳይ የሚያውቅ ሰው አብሯት ቢቆም ቀኗን ያተርፍላታል።

6. ምልክቶቹን እናስተምር። የማይለቅ ትኩሳት፣ ግርጣት፣ ያለ ምክንያት መበለዝ፣ የአጥንት ሕመም፣ በአንገት ወይም በሆድ ላይ የሚወጣ እብጠት፣ ጠዋት ጠዋት ማስመለስ ያለበት ራስ ምታት፣ በዓይን ብሌን ውስጥ የሚታይ ነጭ ብርሃን፤ እነዚህ ሁልጊዜ ካንሰር ናቸው ማለት አይደለም። ነገር ግን ልጁን ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል። የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዎች ይህን ቢያውቁ የልጅ ሕይወት ሊተርፍ ይችላል።

በመጨረሻም

ሁሉም ልጅ ይድናል ብለን ቃል መግባት አንችልም። መንገዱን እስከ መጨረሻ ሄደው ልጃቸውን ያጡ ወላጆች አሉ፤ እነርሱም እምነት አልጎደላቸውም። ጌታ በናይን በር ላይ መበለቲቱን ባያት ጊዜ አስቀድሞ አዘነላት (ሉቃ. 7፥13)። ፈውሱ የእርሱ ነው። ማዘንና አብሮ መቆም ግን ለእኛም ተሰጥቶናል። ያዕቆብም ንጹሕ አምልኮን ሲገልጽ ሙት ልጆችንና መበለቶችን በመከራቸው መጠየቅን ያነሣል (ያዕ. 1፥27)። በዚህች ቤት ሁለቱም አሉ፤ እናቲቱ መበለት ናት፣ ልጅቷም አባት የሌላት ናት።

በአጥቢያችሁ እንዲህ ያለች እናት ካለች በዚህ ሳምንት ሄዳችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቋት፤ «የሚቀጥለው ቀጠሮሽ መቼ ነው?» በሉአት። ቀኑንም ጽፋችሁ ያዙ።