ከዓይን ሥር ያለው ከረጢት፦ ይቆረጥ ወይስ ይተው?
ሶዶ ላይ «የዓይን ቆብ ኦፕራሲዮን» ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ትራኮማን ነው። ያ ኦፕራሲዮን ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍት ብሌንን እየቧጨረ እንዳያሳውር፣ በአብዛኛው በላይኛው ቆብ ላይ የሚሠራ ነው። የውበት ጉዳይ አይደለምና ቀጠሮውን አታዘግዩ።

ከዓይን ሥር ስለሚንጠለጠለው ከረጢት ለምትጠይቁኝ ግን፦ መስታወት ፊት ቆማችሁ ወደ ላይ ተመልከቱ። ጎላ ብሎ ከወጣ ብዙውን ጊዜ ስብ ነው፤ የያዘው ስስ ሽፋን ስለላላ ወደ ፊት ገፍቷል። ቆዳው ካልረገበ በቆቡ የውስጥ በኩል ተገብቶ ስቡ ይቀነሳል፣ ወይም ወደ ጉንጩ ጎድጓዳ ይዘረጋል፤ ውጭ ላይ ጠባሳ አይታይም። ቆዳው ከረገበ ከሽፋሽፍቱ ሥር ትንሽ ይቆረጣል። እዚህ ላይ ለመቁረጥ የሚሰስት ሐኪም ምረጡ! ቆዳ ከመጠን በላይ ከተነሳ ቆቡ ወደ ታች ይገለበጣል፤ ዓይን በደንብ አይከደንም፣ ያነባል።

ለጎደለ ጉንጭ ከራስ ሆድ ወይም ጭን የተወሰደ ስብ ይሞላል፤ ከፊሉን ሰውነት መልሶ ይመጠዋል። በመርፌ የሚሰጠው መሙያ (ፊለር) ደም ሥር ውስጥ ከገባ ዓይን ሊያጠፋ ስለሚችል የውበት ሳሎን ወንበር ላይ አትወጉ።

ከረጢቱ ጠዋት አብጦ ከሰዓት የሚጎድል ከሆነ ግን መጀመሪያ የሽንት፣ የኩላሊትና የታይሮይድ ምርመራ አድርጉ።