«የሚያስተኛ ክኒን ይጻፍልን»

«ዶክተር፣ ሌሊት የሚያስተኛቸው ክኒን ይጻፍልን፤ እኛም እንቅልፍ ካጣን ሰነበትን።» ይህን ያለችኝ የአንድ ጡረተኛ መምህር ልጅ ናት። የአባቷ የመርሳት በሽታ ገና ጅምር ላይ ነው። የልጅ ልጆቻቸውን በስም ይጠራሉ፤ የማታ ዜና አያመልጣቸውም። ሌሊት ግን ኮታቸውን ደርበው የግቢውን በር ሲነካኩ ይገኛሉ። ስጠይቅ ክኒኑ ቀድሞ ተጀምሯል፤ ከጎረቤት የተገኘ ዳያዜፓም። ከዚያ ወዲህ ቀን ቀን አፋቸው ይተሳሰራል፣ ሲራመዱ ይንገዳገዳሉ፣ መታጠቢያ ቤት ወድቀው ቅንድባቸው ተሰፍቷል። ቤተሰቡ «በሽታው ባሰባቸው» ብሎ ደምድሟል። ክኒኑን የጠረጠረ የለም።

«ብቻ ይተኙ» የሚለው አስተሳሰብ ከተማረውም ካልተማረውም ይገጥመኛል፤ አድክሞኛል። ዳያዜፓም የዋጠ አዛውንት ዓይኑን ጨፍኖ ያድር ይሆናል፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ጥልቁን የእንቅልፍ ክፍል ይቀንሳል። ቀን ያየነውና የሰማነው በአእምሯችን እንዲጸና የሚረዳው ደግሞ ያው ክፍል ነው። ሲነጋም መድኃኒቱ አብሮ አይወጣም። ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ እስከ 48 ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ በአዛውንት ላይ ከዚያም ይረዝማል። በየማታው ሲደገም የትናንቱ ሳያልቅ የዛሬው ይጨመርበታል። የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር ዕድሜያቸው 65 ለሞላ ሰዎች እንዲህ ያለው መድኃኒት እንዳይሰጥ የሚመክረው በከንቱ አይደለም። አሚትሪፕቲሊንና አንዳንድ እንቅልፍ የሚያመጡ የአለርጂ ክኒኖችም አይሻሉም። ለማስታወስ የሚያስፈልገውን አሴቲልኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር ሥራ ያግዳሉ። ለመርሳት በሽታ የምናዘው ዶኔፔዚል ደግሞ ይህንኑ ንጥረ ነገር ለማብዛት ነው። ሁለቱን ባንድ ላይ የሚወስዱ ታካሚዎች አያለሁ።

በ2021 የታተመ አንድ ጥናት ወደ 8,000 የሚጠጉ እንግሊዛውያንን ለ25 ዓመታት ተከታትሎ፣ በ50ዎቹና በ60ዎቹ ዕድሜያቸው ስድስት ሰዓትና ከዚያ በታች የሚተኙት ሰባት ሰዓት ከሚተኙት ይልቅ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው 30 በመቶ ያህል ከፍ ብሎ አግኝቶታል። ይህን የሰማ ሁሉ ክኒን ለመጠየቅ ማስረጃ ያደርገዋል። ጥናቱ ግን ክኒን ዋጡ አላለም። በሽታው ምልክቱ ከመታየቱ ከብዙ ዓመት በፊት አንጎልን መጉዳት ስለሚጀምር፣ የእንቅልፍ መዛባቱ ራሱ የበሽታው መጀመሪያ ሊሆንም ይችላል።

እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው ለምን እንደሚነሱ ነው። ከሰዓት በኋላ ከአቦል እስከ በረካ ቡና ይጠጣሉ? የሚያሸና የደም ግፊት መድኃኒት ማታ ይወስዳሉ? ፕሮስቴት አለባቸው? ዶኔፔዚሉን ማታ ከሆነ የሚውጡት፣ እሱም ያባንናል፤ ወደ ጠዋት እናዞረዋለን። ሲያንኮራፉ ትንፋሻቸው ቆም ብሎ በሲቃ የሚመለስ ከሆነ «ጥሩ ተኝተዋል» አይባልም፤ አየር እያጠራቸው ነው፣ ዳያዜፓም ደግሞ ያብሰዋል። በሕልማቸው የሚጮኹና የሚራገጡ ከሆነም ንገሩን፤ የአንዳንድ የአንጎል ሕመሞች ቀዳሚ ምልክት ነው። ቀኑን ሙሉ መጋረጃ በወረደበት ሳሎን ሲያንጎላጁ የዋሉ ሰው ሌሊት አይተኙም። በሽታው ሌትና ቀንን የሚለየውን የአንጎል ክፍል ስለሚጎዳ፣ ጠዋት ፀሐይ ላይ ማውጣትና ማንቀሳቀስ ሕክምና ነው።

ዳያዜፓም ለወራት ሲወስዱ የቆዩ ከሆነ ግን ዛሬ ማታ አታስቁሟቸው። በድንገት ሲቋረጥ የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። የሚወስዱትን ሁሉ፣ ከጎረቤት የመጣውንም ጭምር፣ በፌስታል ይዛችሁ ኑ፤ ቀስ በቀስ እንቀንሰዋለን።