ቃልን መቍጠርና ቃልን ማወቅ

መዝገብ ያልተበጀለት የመጻሕፍት ብዛት ቍልፉ እንደ ጠፋ ግምጃ ቤት ነው፤ ሀብቱ አለ፥ ባለቤቱ ግን አይጠቀምበትም። ይህን ችግር በኮምፒዩተር ጥበብ ለማቃለል በቀደምትነት ከደከሙት አንዱ ካህን መሆናቸው ሊታወስ ይገባል።

አባ ሮቤርቶ ቡሳ በ1913 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በኢጣልያ አገር ተወለዱ፤ ማኅበራቸውም የኢየሱሳውያን ነው። የቶማስ አኵዊናስን ትምህርት ሲመረምሩ የነገሩ ምሥጢር «ኢን» በምትባል፥ በእኛ «በ» ወይም «ውስጥ» በምትሆን፥ በአንዲት ታናሽ የላቲን ቃል እንደ ተሰወረ ተረዱ። ስለዚህም ይህች ቃል የምትገኝበትን ዐረፍተ ነገር ሁሉ በ10,000 ካርድ ላይ በእጃቸው ጻፉ። የአንዲት ቃል ድካም ይህን ያህል ከሆነ የቀረውን ለመልቀም የአንድ ሰው ዕድሜ እንደማይበቃ አይተው፥ በ1949 ዓ.ም. ወደ ኒውዮርክ ተሻግረው የአይ ቢ ኤም ኩባንያን አለቃ ቶማስ ዋትሰንን ርዳታ ለመኑ፤ አገኙም።

አሠራሩ እንዲህ ነበረ። እያንዳንዱ ቃል ከሚገኝበት ስፍራ ጋራ በካርድ ላይ በቀዳዳ ይመለከታል፤ መኪናውም ካርዶቹን በፊደል ተራ እየለየ ቃልን ከመሰሉ ጋራ ያኖራል።

ዳሩ ግን መኪና ፊደልን ይለያል እንጂ ምሥጢርን አያውቅም። «ሖረ»፥ «የሐውር»፥ «ሑር» የአንድ ግስ እርባታ መሆናቸውን የቅኔ ተማሪ ያውቃል፤ ላልተማረ መኪና ግን ሦስት ባዕዳን ቃላት ናቸው። በላቲንም እንዲሁ ስለ ሆነ፥ የየቃሉን ሥር የወሰኑ ሊቃውንት ናቸው። ሥራው 30 ዓመት ያህል ፈጅቶ፥ ከ10 ሚሊዮን የሚበልጡ ቃላት ተለቅመው፥ ከ1974 እስከ 1980 ዓ.ም. በ56 መጻሕፍት ታተመ። ለግእዝ መጻሕፍትም የሚመስል ሥራ በጀርመን አገር በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ከ2014 እስከ 2019 ዓ.ም. ተሠርቷል።

ይህ ነገር ለሊቃውንት ብቻ የሚጠቅም አይደለም፤ መዝገብ ቤትንም ይመለከታል። አንድ ሰው በአንዱ መዝገብ «ዓለሙ»፥ በሌላው «አለሙ» ተብሎ ቢጻፍ፥ አንባቢ አንድ ሰው መሆኑን ይገምታል፤ ኮምፒዩተር ግን አስቀድሞ ካልተማረ ሁለት ሰዎች አድርጎ ይቈጥራቸዋል። እንግዲህ የድኻው ርስት ወይም የሽማግሌው ጡረታ ባለቤት እንደሌለው ሆኖ ይቀራል፤ ጥፋቱም የመኪናው ሳይሆን ያላስተማረው ሰው ነው።

ስለዚህ በመዝገብ ላይ የተሾመ ሁሉ መኪና ከመግዛቱ አስቀድሞ የአጻጻፍ ሥርዐት ይወስን፤ ቋንቋ ዐዋቂም ከአጠገቡ አይለይ። መቍጠር ለመኪና ይሰጣል፤ ማወቅ ግን የሰው ዕዳ ነው።