ፍሊትና የከሰል ምድጃ

በአረርቲ ሙቀቱ ሲበረታ ቢምቢውም ትኋኑም ስለሚበዛ ፍሊት የማይነፋበት ቤት ጥቂት ነው። ድሮ በእጅ ፓምፕ ይረጭ ነበር፤ የዛሬውን ቆርቆሮ ግን መድኃኒቱን ገፍቶ የሚያወጣለት የታመቀ ጋዝ ነው። ቀድሞ የሚሞላው የማይቀጣጠል ዓይነት ነበር። እሱ የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ፣ በተለይም ከ1987 እ.ኤ.አ. የሞንትሪያል ስምምነት ወዲህ፣ በብዙዎቹ ቆርቆሮዎች ፕሮፔንና ቡቴን ተተኩ። በሲሊንደር ገዝተን ወጥ የምንሠራበት ጋዝ ማለት እኮ ነው!

ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ስለዚህ ወደ ጣራ አይወጣም፤ ወለል ለወለል ይሄዳል። የቡናችን ከሰል የሚቀመጠውስ የት ነው? እዚያው ወለል ላይ። ታዲያ ፍሊት ከመነፋቱ በፊት ከሰሉ ይውጣ፣ ኩራዙም ይጥፋ፤ በርና መስኮት ተከፍቶ ቤቱ በደንብ እስኪናፈስ ድረስ እሳት አይመለስ።

«አልቋል» የምንለው ቆርቆሮም ጋዝ ይቀረዋል። ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከሞቀ ሊፈነዳ ይችላል። ነገ በምናስተምርበት ት/ቤት ከጽዳት በኋላ ቆሻሻ ሲቃጠል ልጆች እሳቱን ከበው ይቆማሉ፤ ድምፁን ለመስማት ብሎ ቆርቆሮ የሚወረውርም አይጠፋም። ክብሪት ከመጫራችን በፊት ክምሩን በዱላ በትነን እንይ። ፍሊት ከተገኘ ሳይበሳ፣ ሳይጨፈለቅ ለብቻው ይውጣ።