ዝቋላ የደረሰው ናኖ

ናኖቴክኖሎጂ ሲነሳ ክርክሩ ያው ነው፦ ንጹሕ ውሃ ያላዳረሰ አገር ለዚህ ገንዘብ ማፍሰስ አለበት ወይስ የለበትም? ነገሩ ግን ሳንጠራው እንደ ዝቋላ ያለ ገጠር ከገባ ቆይቷል። በጤና ኬላ የወባ መመርመሪያ ላይ ብቅ የምትለው ቀይ መስመር አብዛኛውን ጊዜ ወርቅ ናት። ወርቅ በጥቂት አሥር ናኖሜትር መጠን ሲደቅ (ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው) ቢጫነቱን ትቶ ይቀላል። የሮማ ብርጭቆ ሠሪዎች ምክንያቱን ሳያውቁት ከ1,600 ዓመት በፊት ተጠቅመውበታል። በለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም ያለው አረንጓዴው የሊከርገስ ዋንጫ ብርሃን ሲያልፍበት ቀይ የሚሆነው በዚሁ ነው።

ስለዚህ «ይምጣ ወይስ አይምጣ» ጊዜው ያለፈበት ጥያቄ ነው። ብዙ ያልተወራለት ጉዳይ ሌላ ነው፦ የመጣው ነገር በእኛ ሰውና በእኛ በሽታ ላይ መሥራቱን የሚፈትነው ማን ነው?

ከመስመሯ እንነሳ። በስፋት የተሰራጨው መመርመሪያ የሚቀላው ኤችአርፒ2 የተባለውን የወባ ተውሳክ ፕሮቲን ሲያገኝ ነው። በአገራችን ደግሞ የዚህ ፕሮቲን ጂን የጎደላቸው የፋልሲፓረም ወባ ተውሳኮች አሉ። በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት፣ በዚህ ሳቢያ ከፋልሲፓረም ሕሙማን 9.7 በመቶው መመርመሪያው ሳያገኛቸው ሊያልፉ እንደሚችሉ ገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ቁጥሩ ከ5 በመቶ ካለፈ መመርመሪያው እንዲቀየር ይመክራል። ወርቁ እንከን የለበትም። ጉድለቱ የታወቀው ግን እዚሁ ስለተፈተሸ ብቻ ነው።

የካላዛር ታሪክ ይብሳል። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሑመራ የሚወርደው የደጋ ሠራተኛ ማታ በግራር ሥር ሲተኛ የአሸዋ ዝንብ ትነክሰዋለች። ትኩሳቱ አይለቅም፣ ጣፊያው ያብጣል፣ ሰውነቱ ይከሳል፤ ካልታከመ ይሞታል። ለዚህ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ አምቢዞም ነው። ውስጡ ያለው አምፎቴሪሲን የቆየ መድኃኒት ሲሆን ለብቻው ሲሰጥ ኩላሊትን ይጎዳል። የናኖው ሥራ ከ100 ናኖሜትር ባነሰ የስብ ከረጢት ጠቅልሎ፣ ተውሳኩ ወደተደበቀባቸው ሕዋሳት አድርሶ ጉዳቱን መቀነስ ነው።

ሕንድ ውስጥ በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 10 ሚሊግራም አንድ ጊዜ ብቻ ተሰጥቶ ከ100 ሕሙማን 95 ያህሉን አድኗል። በአንድ ቀን የሚያልቅ ሕክምና! ይኸው መጠን በጎንደር፣ በአርባ ምንጭና በሱዳን ሲሞከር ግን ከስድስት ወር በኋላ ድነው የተገኙት 58 በመቶው ብቻ ነበሩ። ሙከራው ተቋረጠ። እንዲያው የሕንዱን መመሪያ ተርጉመን ብንሠራበት ኖሮ ግማሽ የሚጠጋውን ሕመምተኛ «ድነሃል» ብለን በሸኘነው ነበር።

ልዩነቱ ኪስም ይነካል። በእኛ አካባቢ ለጠናበት ሕመምተኛ በኪሎ እስከ 30 ሚሊግራም ይሰጣል። ለ50 ኪሎ ሰው 1,500 ሚሊግራም፣ ማለትም 50 ሚሊግራም የሚይዙ 30 ብልቃጦች መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በስምምነት በተቀነሰው ዋጋ እንኳ አንዱ ብልቃጥ 18 ዶላር ገደማ ነበር። ኢትዮጵያ የምታገኘው በአብዛኛው ከአምራቹ በሚመጣ ልገሳ ነው፤ ይህ እስከ መቼ እንደሚያስተማምን እጠራጠራለሁ።

ፍተሻው ያፈራው ደግሞ አለ። ኤችአይቪ ላለባቸው የካላዛር ሕሙማን አምቢዞምን ሚልቴፎሲን ከተባለ መድኃኒት ጋር ማጣመር እንደሚሻል በጎንደርና በአብዱራፊ ታየ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 መመሪያው አደረገው። ከዚህ የበለጠ የናኖ ሳይንስ ሥራ በአገራችን አላውቅም፤ የተሠራውም በሕሙማን አልጋ አጠገብ ነው።

ከጤና ውጭ፣ በጥንታዊ ሥዕል ጥገናም መንገዱ ይኸው ነው። ለጣልያን የኖራ ግድግዳ ሥዕሎች የተፈለሰፈው ናኖ ኖራ፣ በጨርቅ ተሥሎ ግድግዳ ላይ ለሚለጠፈው የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ይበጅ እንደሆነ ሳይሞከር አይታወቅም።

የባዮና ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ናኖን ከዘርፎቹ አንዱ ማድረጉ ይበል የሚያሰኝ ነው። በጀቱ ሁሉ ለማይክሮስኮፕ ከዋለና ለሆስፒታል ሙከራ ካልተረፈ ግን መድኃኒቱን በሰው አገር መጠን መውሰድ ይቀጥላል።

ከመተማ ወይም ከሑመራ የተመለሰ ቤተሰብ ያላችሁ፣ ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈውና የወባ ምርመራው «የለም» ካለ፣ ለባለሙያው ቆላ ወርዶ እንደነበር ንገሩ፤ ካላዛር እንዲመረመርም ጠይቁ።